አረንጓዴ ሆኜ አልሞትም

የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ማማ ኛዌች የተጠቀለለ ባነር በብብቷ ሸጉጣ ጋምቤላ ገበያ አጠገብ ወዳለው የፈትሂያ ማተሚያ ቤት ገባች። ፈትሂያ ሰዓቱን የማትረሳው መብራት የሄደው በዚያችው ደቂቃ ስለነበረ ነው። ፕሪንተሩ የአንድ ሆቴል ማስታወቂያ እያተመ ግማሹ ላይ ቀጥ አለ፤ የጣሪያው ማራገቢያ እየተንፏቀቀ ዞሮ ቆመ፤ በር ላይ ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ሙቀቱ ዘው ብሎ ገባ። ከሙቀቱ ኋላ ማማ ኛዌች።

ረጅም ናት። በበሩ ስትገባ አንገቷን ዝቅ ማድረግ ነበረባት። አንድ ትከሻዋ ላይ በምትቋጥረው አበባማ ጨርቅ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ጠፍጣፋ የከረሜላ ቆርቆሮ አትጠፋም፤ ሰላምታዋ እሷው ናት። ያገኘችውን ሰው ሁሉ፣ ፖሊስም ቢሆን፣ ቆርቆሮዋን ከፍታ አንዲት ሚንት ካላቀመሰች አታናግርም። ያን ቀን ግን ለፈትሂያ ከረሜላ አልሰጠቻትም። ባነሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና በጣቷ መታ አደረገችው።

"ይሄ ማነው?"

ፈትሂያ አየች። ያወቀችው ከመልኩ ሳይሆን ከጽሑፉ ነው። "ጋሽ ሉዋል ናቸው፣ ነፍስ ይማር።"

"ሉዋል ወንድሜ ነው። ሉዋልን አውቃለሁ። ይሄ ግን ማነው?"

ባነሩን ያተመችው ፈትሂያ ራሷ ነበረች። አሁን አሁን በከተማው ለቅሶ ያለ ባነር አይሆንም። የሟች ፎቶ በትልቁ ታትሞ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ይሰቀላል፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው እሱን አይቶ ነው ለቅሶውን የሚለየው። የሉዋል ፎቶ በችኮላ ታትሞ፣ በችኮላ ተሰቅሎ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ሉዋል ሉዋል ነበር። ባነር የሚታተምበት ፕላስቲክ፣ ፍሌክሱ ላይ ሲወጣ ግን ፊቱ አረንጓዴ ሆኗል። ጥሬ ሎሚ የመሰለ አይደለም፤ ያረጀ የወታደር ሸራ የመሰለ አረንጓዴ።

"ወንድሜ ታሞ ነበር፣ እሺ" አለች ማማ ኛዌች። "ከስቶ ነበር፣ እሺ። አረንጓዴ ግን አልነበረም። ከኢታንግ ዘመድ በአይሱዙ ሙሉ መጣ። ድንኳናችን ጋ ደረሱ። ባነሩን አዩ። 'ይሄ የእኛ አይደለም' አሉ፣ አለፉ። ከዚያ ማዶ ሌላ ለቅሶ አለ። እዚያ ወረዱ። አለቀሱ፣ ደረት መቱ፣ በሉ፣ ሻይ ጠጡ። ሟቹ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደሆኑ የሰሙት ከበሉ በኋላ ነው።"

ፈትሂያ ከንፈሯን ነከሰች።

"ሳቂ፣ ሳቂ። እኔም ስቄያለሁ። ድንኳን ውስጥ ስስቅ ሰዉ የማለቅስ መስሎት ደግፎ ያዘኝ።" ይህን ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አሁን የእኔን ሥሪ።"

"የምንሽን?"

"የለቅሶዬን።"

"ኧረ ማማ! ምን ሆንሽብኝ?"

"ምንም። ደህና ነኝ። ግን ከሞትኩ በኋላ መጥቼ አንቺን መቆጣት አልችልም። ስለዚህ አሁን እንጨርስ። አየዋለሁ። 'አዎ፣ ይሄ እኔ ነኝ' እላለሁ። ከዚያ እሞታለሁ። ካላልኩ አልሞትም። አረንጓዴ ሆኜ አልሞትም፣ ፈትሂያ። ለፓስተራችንም ነግሬዋለሁ።"

ፈትሂያ መሳቋን ተወች። እናቷ ሙሚና የሞተች ጊዜ ከጎረቤት ሁሉ ቀድማ የደረሰችው ይህች ሴትዮ ነበረች። መሬት ላይ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ በአማርኛም በኑዌርም አንዲት ቃል ሳትናገር፣ ሰው ሁሉ እስኪበተን አልተነሳችም። ፈትሂያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ወላሂ፣ የራስሽን መልክ አወጣልሻለሁ።"

ይህን ስትል እንዴት አድርጋ እንደምታወጣው አንዲት ነገር አታውቅም ነበር። ማማ ኛዌች ግን ቆርቆሮዋን ከፍታ ሚንት ሰጠቻት። ነገሩ በዚህ ታተመ።

ፎቶውን ያነሳት የፈትሂያ ታናሽ ወንድም ኻሊድ ነው። ጅማ ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ካልተናገረ የሚታመም ልጅ ነው። በበሩ ጥላ ሥር አቁሟት "ፈገግ በይ ማማ" ቢላት "ሰው ሞቶ ይስቃል?" ብላ ፊቷን አኮሳተረች። ጠቅ ሲያደርግ ግን ሳቋ አመለጣትና ያው ፎቶ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ፈትሂያ ዓይኗን አምና ገፋችበት። አረንጓዴውን ቀነስ፣ ቀዩን ጨመር አድርጋ በትንሹ ታትማለች። ማማ ኛዌች ገበያ በወጣች ቁጥር ጎራ ብላ ትመረምራለች። የመጀመሪያዋ ሐምራዊ ሆነች። "ይቺ ጎረቤቴ ናት፤ ሰው ስታማ እንዲህ ነው የምትመስለው።" ሁለተኛዋ ቀላች። "ይቺ ደግሞ ጠጥታለች። እኔ የቤተክርስቲያን ሰው ነኝ።" ሌላዋ አመድ የመሰለ ግራጫ ሆና ወጣች። ይህችኛዋን ማማ ኛዌች አገላብጣ አየቻትና አጣጥፋ ጨርቋ ውስጥ ከተተቻት።

"ምን ልታደርጊያት ነው?"

"ሥራ አላት።"

ሥራዋ የታወቀው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። የማማ ኛዌች ልጅ ቦት ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አንድ እርዳታ ድርጅት ዘንድ ሾፌር ነው፤ ሥራ በዛብኝ እያለ ወደ ቤት ከመጣ ቆይቶ ነበር። አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኖ፣ በአንድ እጁ ሁለት ዶሮ አንጠልጥሎ፣ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ደረሰ።

"እናቴ የት ናት? ምን ሆና ነው?"

"ምንም አልሆነችም፤ ጠዋት እዚህ ነበረች" አለች ፈትሂያ።

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?" ቦት ከኪሱ ግራጫዋን ፎቶ አወጣ። "በሰው ላከችልኝ። 'እንዲህ ሆኛለሁ' አለችኝ! ይሄ መልክ የሰው ነው?"

ኻሊድ ሳቁን ለመደበቅ ከፕሪንተሩ ኋላ ገባ። ፈትሂያ ግን ዶሮዎቹን አይታ፣ የቦትን የደነገጠ ፊት አይታ፣ አልሳቀችም። ቀልዱ ውስጥ ያለው ነገር ታያት። ቀልድ የማይሆንበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ቦት እንዲሁ ላብ በላብ ሆኖ "የእናቴን ባነር ሥሪልኝ" ሲላት የምትሰጠው ይህን ግራጫ ነገር ነው?

ቦት ዶሮዎቹን ይዞ ወደ እናቱ ሲሄድ ወደ ኻሊድ ዞረች።

"በዓይን አልሆነም።"

"እኔስ ምን እያልኩ ነበር?" ኻሊድ ይህን ሲጠብቅ ነበር። "ፕሪንተሩ ያተመውን አያይም፣ ፈቲ። ቀለሙን ዛሬ ከአንዱ ነው የምትገዢው፣ ነገ ከሌላው። ፍሌክሱም እንደዚያው። እሱ ግን ፋብሪካ የነገሩትን ይዞ ዝም ብሎ ይረጫል። ዓይን የለውም። ዓይን እንግዛለት።"

ዓይን የሚለው ቀለም መለኪያ ነው። ብዙ ትንንሽ የቀለም ሳጥኖች ያሉበት ገጽ በራስህ ፕሪንተር፣ በራስህ ፍሌክስ ላይ ታትማለህ። መለኪያው እያንዳንዷን ሳጥን ያያል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውንና የወጣውን አስተያይቶ "አንተ አረንጓዴ ታበዛለህ፣ እዚህ ላይ ቀንስ" የሚል መምሪያ ለፕሪንተሩ ያዘጋጅለታል። ኻሊድ ይህን ለማስረዳት የፈጀበት ጊዜ አንድ የሠርግ ካርድ የሚያሳትም ደንበኛ አባረረ፤ ግን ፈትሂያ ገባት።

መጀመሪያ አዲስ አበባ ላለ አስመጪ ደወለች። እዚያ ያለው ትልቅ ነው፤ ክንድ አለው፣ ገጹን ራሱ እየሄደ ያነብባል። ሻጩ ዋጋውን ሲነግራት ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው፣ ሰው ነው ወይ የሚናገረው ብላ።

"ለሙቀት እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀች፣ ነገሩን ለማራዘም ያህል።

"ክፍሉ ሃያ ሦስት ዲግሪ መሆን አለበት።"

"እኔ የምደውለው ከጋምቤላ ነው።"

"ችግር የለውም። ክፍሉን ሃያ ሦስት ዲግሪ ታደርጊዋለሽ።"

"ለክፍሉ ነግሬው ነበር፤ እምቢ አለኝ።"

ሻጩ "ክፍሉ የማነው?" ብሎ ጠየቃት። አመስግና ዘጋችው።

ሁለተኛው አማራጭ ከግድግዳው ማዶ ነበር። ጎረቤቷ አብዱልባሲጥ የቤት ቀለም ይሸጣል። እንቁላል የምታህል ክብ መለኪያ አለችው። ግድግዳ ላይ ሲጫናት በስልኩ ላይ ለዚያ ቀለም የሚቀርበውን የፋብሪካ ቀለም ስም ታወጣለች። በርካሽ እሰጥሻለሁ ብሎ ይዟት መጣ። ያን ቀን ማማ ኛዌችም ነበረች፤ ጉንጯን ቅባት ተቀብታ፣ ለመለካት እንደሚሄድ ሰው ተዘጋጅታ።

"መለኪያው የሚለካው ወረቀቱን ነው እንጂ ሰውን አይደለም" አለ ኻሊድ።

"ባነሩ ላይ የሚወጣው ወረቀት ነው ወይስ እኔ?"

አብዱልባሲጥ ገበያው እንዳይበላሽበት ፈጠን ብሎ የራሱን መላጣ ለካ። ኻሊድ ስልኩን አንብቦ ተረጎመ። "የተቃጠለ ብስኩት።"

"ልክ ነው!" አለች ማማ ኛዌች። "ጥሩ ዕቃ ነው። እኔን!"

መለኪያዋ ቀኝ ጉንጯ ላይ ተጫነች። "የዝናብ ምሽት" አለ ኻሊድ። ማማ ኛዌች ቀና አለች፤ ቀና ስትል ደግሞ የማራገቢያውን ክንፍ ልትነካ ምንም አልቀራትም። "የዝናብ ምሽት። ሰማችሁ? ግራውንም።"

ግራው ጉንጭ ሌላ ስም አወጣ። ኻሊድ ማንበብ ፈራ።

"አንብብ፣ አንተ ልጅ።"

"እርጥብ አስፋልት።"

ማማ ኛዌች አብዱልባሲጥን ከላይ ወደ ታች አየችው። "አንድ ፊት ነው ያለኝ። የዝናብ ምሽቱን እኔ እወስዳለሁ። አስፋልቱን አንተ ቤትህ ደጃፍ አንጥፈው፤ ጭቃ ነው።"

"ቅባቱ ነው ማማ! ያብረቀርቃል፣ ለዚያ ነው!" አለ አብዱልባሲጥ።

"ፍሌክሳችንም ያብረቀርቃል" አለች ፈትሂያ ቀስ ብላ። አንድ የታተመ ፍሌክስ አምጥታ አንዷን ቡናማ ሳጥን ደጋግማ አስለካችው። ሳጥኗ ያው ሳጥን ሆና፣ ስሟ ግን በየጊዜው ተለወጠ። በዚያ ላይ የገጹን ሳጥኖች በሙሉ አንድ በአንድ ተጭኖ፣ ቁጥሩን በእጅ እየጻፉ መጨረስ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። አብዱልባሲጥ መለኪያውን ኪሱ ከተተ። "ለግድግዳ ግን ጎበዝ ናት" አለ ቅር ብሎት።

ሦስተኛውን ያገኘው ኻሊድ ነው። ጅማ የሚያውቀው አንድ ማተሚያ ቤት ትልቁን ስለገዛ በእጅ እየተሳበ የሚያነበውን አሮጌውን ሊሸጥ ነበር። ፈትሂያ ባጃጅ ልትገዛ ያጠራቀመችውን ሰጥታ "ዝም ብለህ እንዳትገዛ" ብላ ላከችው። በራሳቸው ፕሪንተር የታተመ ገጽ ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ጅማ ሲደርስ ገጹን ጠዋት አስነበበ። ከዚያ መለኪያውን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አስቀምጦ፣ ሞቆ ሲግል እንደገና አስነበበ። ቁጥሮቹ አልተናወጡም። ገልብጦ የመለኪያውን መለያ ቁጥር አየ፤ አብሮት ከሚመጣው ነጭ ሴራሚክ ቁጥር ጋር አስተያየ። ሻጩ ትዕግሥቱ አልቆ "ወንድሜ፣ መለኪያ ነው የምትገዛው ወይስ ሚስት የምታጭ?" ቢለው "እህቴን አታውቃትም" አለው።

መለኪያው ጋምቤላ የገባው በረመዳን ነው። ፈትሂያ፣ ኻሊድ፣ አብዱልባሲጥ ሁሉም ጾመኛ ናቸው። ማማ ኛዌች ልታየው መጣች። ውኃ ሲጠማት እነሱን ላለማስጎምጀት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጠጣለች፤ ጠጥታ ስትጨርስ ግን "እፎይ!" የምትለው መንገድ ድረስ ይሰማል።

ኻሊድ ዕቃውን በክብር አወጣው። ነጩን ሴራሚክ ለብቻው አሳያት። ክብ ናት፤ ከትልቅ የኮት ቁልፍ አትበልጥም። "ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሁልጊዜ መለኪያውን እዚህች ላይ እናስቀምጠዋለን። ነጭ ምን እንደሆነ እናስታውሰዋለን።"

"ይረሳል?"

"ይረሳል።"

"እንደ ቦት" አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ "ይቺ ብትጠፋስ?"

"ከሌላ ጋር አይሠራም። እያንዳንዱ መለኪያ የራሱ አለችው። እሷ ከሌለች መለኪያው ዕውር ነው፤ ያንቺም ባነር የለም።"

"የለም" አለች ማማ ኛዌች፣ ቃሉን አፏ ውስጥ እያገላበጠች። "ካለች ግን ዛሬ ነገ ያልቃል?"

"ነገ ታይዋለሽ፣ ኢንሻአላህ።"

በማግስቱ ጠዋት ነጯ ሴራሚክ አልነበረችም።

ማተሚያ ቤቱ ተገለበጠ። ጠረጴዛ ተነሳ፣ ፍሌክስ ተፈታ፣ የቆሻሻው ቅርጫት ተዘረገፈ። ኻሊድ አይጥ ወሰዳት አለ። አብዱልባሲጥ ጭንቅላቱን ብቅ ቢያደርግ ፈትሂያ ኪሱን አየት ስላደረገችው "እኔ የራሴ አለኝ! ለግድግዳ!" ብሎ ተቆጣ። ሆኖም አዝኖላት የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ስባሪ አምጥቶ "ነጭ ነጭ ነው" አለ። ኻሊድ አይሆንም እያለ፣ ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ሞከሩት። መለኪያው የመታጠቢያ ቤቱን ነጭ አምኖ መምሪያ አወጣ። በዚያ መምሪያ የታተመው የማማ ኛዌች ቤተክርስቲያን የመዘምራን ባነር ነበር። መዘምራኑ በሙሉ ሰማያዊ ሆነው ወጡ። ፓስተሩ ላቡን እየጠረገ አየውና "እህቴ፣ እዚህ አገር በርዶት የሚያውቅ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቃት።

በዚህ ሁሉ መሃል ማማ ኛዌች በየቀኑ ትመጣለች። "ተገኘች?" ትላለች ከበር። ስላልተገኘች ታዝናለች፣ ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ ተንበርክካ ከፕሪንተሩ ሥር ትፈልጋለች። ከዚያ ማራገቢያው ሥር ባለው ወንበሯ ላይ ተደላድላ ቁጭ ትልና ወሬዋን ትጀምራለች። ፈትሂያን እሷን ባየች ቁጥር ስጋት ይይዛታል። ይህች ሴትዮ አንድ ሌሊት ብትተኛና ባትነሳስ? ባጃጁም የለ፣ መልኩም የለ፤ ሉዋልን አረንጓዴ፣ እህቱን ሰማያዊ አድርጋ ልትሸኝ ነው። ማማ ኛዌች ግን ምንም የቸገራት አትመስልም። "ምን ቸኮልሽ? እኔ የትም አልሄድ" ትላታለች።

ነገሩን የገለጠው ቦት ነው። ሰሞኑን እናቱን ሳያይ አይውልም ነበር፤ ግራጫዋ ፎቶ ሥራዋን ሠርታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት መጥቶ እናቱ አጠገብ ቆመና እጁን ዘረጋ።

"ማማ፣ ከረሜላ።"

"አልቋል።"

"እንዴት አልቋል? ይንኳኳል እኮ።"

"አልቋል አልኩህ። ሂድ፣ መኪናህ ፀሐይ ላይ ናት።"

ቦት ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ። ፈትሂያ ግን መቀስ እንደያዘች ቀረች። በእርግጥም ማማ ኛዌች ከረሜላ ለማንም ከሰጠች ሰንብታለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ጾመኛ ስለሆነ "እንኩ" ያላለቻቸው ለጾማቸው አዝና መስሏቸው፣ ማንም ልብ አላለውም ነበር። ለልጇ ስትከለክል ግን ይህ ጾም አይደለም።

"ኻሊድ፣ አብዱልባሲጥ ጋ ሂድና መሰላል አምጣልኝ" አለች።

"የምን መሰላል?"

"ረጅሙን።"

ኻሊድ ሲወጣ ወንበር ስባ ከማማ ኛዌች ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ማማ፣ ከረሜላ ስጪኝ።"

"ጾመኛ ነሽ።"

"ለማታ አስቀምጠዋለሁ።"

"አልቋል።"

"ይንኳኳል።"

"የመጨረሻዋ ናት።"

"ነጭ ናት?"

ማራገቢያው ከበላያቸው ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ማማ ኛዌች መጀመሪያ ግድግዳውን አየች፣ ቀጥሎ ጣሪያውን፣ ከዚያ የሚታይ ነገር ስላለቀባት ፈትሂያን አየቻት። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈትሂያ አለቀሰች ብላ ደንግጣ ልትደግፋት ተነሳች። እየሳቀች ነበር።

"የመዘምራኑን ባነር ሳይ ልሞት ነበር" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ዘማሪዋን ኛፑዎክን አየሻት? ዓሣ ነው የምትመስለው!"

"ማማ! ለምን?"

ሳቋ ቀስ እያለ አለቀ። ቆርቆሮዋን አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት፤ አልከፈተቻትም።

"ኻሊድ ከጅማ ሲመጣ ደስ አለኝ። እውነት። ከዚያ 'ነገ ታይዋለሽ' አለኝ። ነገ! እኔ ምን ብያለሁ? 'አዎ፣ ይሄ እኔ ነኝ' እላለሁ፣ ከዚያ እሞታለሁ ብያለሁ። ሰው ሰምቷል። ፓስተሩ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልኑር? ቦትስ ምን ብሎ ይመጣል? አንቺስ ጋ ምን ብዬ እመጣለሁ፣ ያለቀ ዕቃ ይዤ?"

ፈትሂያ ተነስታ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። ስክሪኑን ወደ ማማ ኛዌች አዞረችው። ፎቶዋ ዙሪያ ጥቁር ፍሬም አለ፤ ከሥሩ የበራ ሻማ፤ ከላይ የሐዘን ጽሑፍ። ፈትሂያ ፍሬሙን ነካ አድርጋ አጠፋችው። ሻማውን አጠፋችው። ጽሑፉን አጠፋችው። ያቺ ሳቋ ያመለጣት ሴትዮ ብቻዋን ቀረች።

"በቃ፣ የለቅሶ አይደለም" አለች።

"ታዲያ የምንድነው?"

"አንቺ ንገሪኝ። ከላዩ ምን ብዬ ልጻፍበት?"

ማማ ኛዌች ፎቶዋን አየች። ሰው ከመንገድ ማዶ የሚያውቀውን ሰው ሲያይ እንደሚያደርገው አንገቷን ዘንበል አደረገች።

"'አለሁ' ብለሽ ጻፊ።"

ከዚያ ቆርቆሮዋን ከፈተች። ነጯ ከሁለት የተረሱ ሚንቶች መሃል፣ ስኳር ለብሳ ተኝታለች። ፈትሂያ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጋ፣ እፍ ብላ፣ ደግማ ጠርጋ አስቀመጠቻት። ኻሊድ ረጅሙን መሰላል ተሸክሞ እያለከለከ ሲገባ ነጯን ቦታዋ ላይ አገኛት።

"የት ተገኘች?"

"ዕቃ መሃል" አለች ፈትሂያ።

ኻሊድ አንስቶ አያት፣ አሸተታት። "ለምንድነው ሚንት ሚንት የምትለው?"

"የውጭ ዕቃ እንዲህ ነው" አለች ማማ ኛዌች። "ጥሩ ነገር ሁሉ ይሸታል።"

መለኪያው ነጩን አስታወሰ። ኻሊድ ሳጥኖቹን በመስመር በመስመር እየሳበ አስነበበው፤ ኮምፒውተሩ አስቦ አስቦ መምሪያውን ሰጠ። ፕሪንተሩ ወዲያ ወዲህ እያለ ከላይ ጀመረ። መጀመሪያ "አለሁ" ወጣች፤ ከዚያ ፀጉሯ፣ ከዚያ ግንባሯ። ጥቁሩ ጥቁር ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ ፍም ያለበት ይመስል ሞቅ ያለ ነገር አለው፤ አጥንቷ ከፍ ያለበት ላይ ብርሃን ተኝቶበታል። አፍንጫዋ ወጣ። ሳቋ ወጣ። አረንጓዴ የለ፣ ሰማያዊ የለ። አብዱልባሲጥ መሰላሉን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ቀረና "የዝናብ ምሽት" አለ ቀስ ብሎ።

ማማ ኛዌች ወደ ባነሩ ጠጋ አለች። በጣቷ ልትነካው ስትል ኻሊድ "ቀለሙ አልደረቀም" አላት። እጇን ሰበሰበች።

"እሺ ማማ፣ ምን ትያለሽ?" አለች ፈትሂያ።

"አዎ" አለች ማማ ኛዌች። "ይሄ..."

ሁሉም ጠበቁ።

"ይሄ ጥሩ ነው። ቀሪዋን ቃል ሌላ ቀን እላታለሁ።"

ባነሩን ኒውላንድ ሰፈር ባለው ቤቷ በር ላይ ሰቀለችው። መንገደኛ ቆሞ ሲያነብ ከውስጥ "አለሁ፣ አለሁ፣ ግባ!" ትለዋለች። ማተሚያ ቤት መምጣቷን አላቆመችም፤ ፈትሂያ "ቀሪዋስ ቃል?" ስትላት ሚንት ትሰጣታለች።

ማማ ኛዌች ሐምሌ 2016 ዝናብ ሲዘንብ ሞተች። ቀሪዋን ቃል አላለቻትም። ፈትሂያ ሌላ ባነር ልታትም ስትነሳ ቦት ከለከላት፤ እናቱ አይታ የወደደችው ይሄኛው ነው አለ። ያው ባነር ከነጽሑፉ ከበሩ ወርዶ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተሰቀለ። ከኢታንግ በአይሱዙ የመጡት ለቀስተኞች ማንንም ሳይጠይቁ እዚያው ወረዱ።